ሥጋ ያልነካ ቢላ

የዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት፣ ረቡዕ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል። ደብረ ታቦር፣ ቤታችን ውስጥ፣ አያቴ ጉሮሮ ላይ የዓሣ አጥንት ተሰነቀረ።

የአጥንቱን መጠን አላውቅም። ጎረቤቶች በኋላ የጣት ርዝመት አደረሱት፤ ነገር ግን ያየው ሰው የለም፣ ወደ ታች ነው የወረደው። እናቴ እንጀራ ጠቅልላ ሳያኝኩ እንዲውጡ አጎረሰቻቸው፤ በሦስተኛው ጉርሻ አለፈላቸው። እኔ ያየሁት ዐይናቸው እንባ ሞልቶ፣ የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘው፣ በግራ እጃቸው ሰሃኑን ቀስ አድርገው ከፊታቸው ሲገፉት ነው። ያን ጊዜ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከዚያ በኋላ የመጡት አሥር ቀናት በአንድ ቢላ ጉዳይ ማለቃቸውን ሳስታውስ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላም ትከሻዬ ይወጠራል።

አያቴ መሪጌታ ነበሩ፤ ዜማ ሲያስተምሩ የኖሩ። በቤታችን የገዛ ልጆቻቸው ሳይቀሩ እንደ ተማሪዎቻቸው የኔታ ነበር የሚሏቸው። ዐይናቸው ደክሞ ስለነበር ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገባቸው ተቀምጬ የከተማውን ወሬ የማደርስላቸው እኔ ነበርኩ። የማን በሬ እንደጠፋ፣ የወረታ መኪና ስንት ሰዓት እንደገባ፣ ማን ከማን እንደተጣላ እነግራቸዋለሁ። ጨርሼ ልነሣ ስል አንድ ጥያቄ ይከተላል፦ ያየሽው ነው ወይስ የሰማሽው? የሰማሁት ከሆነ ከማን እንደሰማሁ፣ ያም ሰው ከማን እንደሰማ ይጠይቃሉ። ጓደኞቼ ደጅ ሱዚ ሲዘሉ እግራቸው መሬት ሲመታ እየሰማሁ፣ የአንድ በሬ ወሬ እስኪጣራ ድረስ ቁጭ እል ነበር። ያበግነኝ ነበር።

ከጥምቀት በኋላ ሳንባቸውን ታመው ሆስፒታል ተኙ። ጾሙ ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ወጡ፤ ሲራመዱ ልብሳቸው ውስጥ ሰው ያለ አይመስልም ነበር። ሐኪሙ እናቴን በር ላይ አስቁሞ፣ እኔ ቀሚሷን ይዤ ቆሜ ሳለሁ፣ ሰውነት የሚጠግን ምግብ ካላገኙ ፋሲካን ላያዩ እንደሚችሉ ነገራት። ለእሳቸው ደግሞ እንቁላል፣ ወተት፣ የሥጋ መረቅ ብሎ ዘረዘረላቸው። የኔታ ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው አዳመጡ፣ ሐኪሙን መረቁት፣ ጾሙ ሲገባ አንዱንም አልነኩም። የነፍስ አባታቸው መጥተው ለታመመ ሰው እንደሚፈቀድ አስረዷቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች ግማሽ ቀን ተከራክረው የደረሱበት ስምምነት ዓሣ ነው። በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ድሮም የሚያከራክር ስለሆነ ይመስለኛል፣ ሁለቱም የተሸነፉ ሳይመስላቸው ተለያዩ።

ችግሩ ደብረ ታቦር የዓሣ አገር አለመሆኑ ነበር። ጣና ከእኛ ሩቅ አይደለም፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ዓሣ ወደ ደጋው የሚወጣው በሳምንት ሁለት ቀን፣ በወረታ መኪና፣ በእርጥብ ማዳበሪያ ተጠቅልሎ ነው። መኪናው ሳይቆም ሽታው ቀድሞ ይገባል፤ ሴቶች ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ያደርጋሉ። የሰፈራችን ሰው የሚያውቀው በግና በሬ ነው። ዓሣን አገላብጦ የት እንደሚጀመር የሚያውቅ አልነበረም። እናቴ የመጀመሪያውን ዓሣ ያሰናዳችው ሽንኩርት በምንከትፍባት ቢላ ነው፤ በቤታችን ሥጋ ነክታ የማታውቅ ብቸኛ ቢላ እሷ ነበረች። አጭር፣ ወፍራም፣ ስለቷ የሞተ። ዓሣውን አልቆረጠችውም፣ ቦጫጨቀችው። ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ የሆነው ከዚያ የመጣ ነው።

በማግስቱ የኔታ ለእናቴ ሁለት ነገር ነገሯት። ሁለቱንም በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከእንግዲህ አጥንት ያለበት ዓሣ አይቀምሱም፤ አንድ ጊዜ ተርፈዋል፣ ሁለተኛ አይሞክሩትም። ዓሣው የሚሰናዳበትም ቢላ ሥጋ የነካ መሆን የለበትም፤ ጾም ለመፍታት ቢፈልጉ ኖሮ ሐኪሙን ይሰሙት ነበር። ሁለቱ ካልተሟሉ ሹሮና ድንች ይበቃቸዋል። ሹሮና ድንቹን ደግሞ እንደ ዶሮ ጭረው ጭረው እንደሚተዉት ሁላችንም እናይ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ በአጠገባቸው ባለፈች ቁጥር ጋቢያቸው ውስጥ የቀረውን ትከሻ በዐይኗ ስትለካ አያታለሁ።

እንግዲህ የሚፈለገው አጥንትን ከዓሣ የሚለይ፣ ሥጋ ያልነካ አንድ ቢላ ነው። ቀላል ይመስል ነበር።

እዚህ ላይ አያ ደምሌ ገባ። አያ ደምሌ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። በሰፈራችን የቅርጫ በሬ ሲታረድ ሥጋውን በየመደቡ የሚያካፍለው እሱ ነበር። አንዱ መደብ ከሌላው በአንዲት ጉርሻ እንዳይበልጥ በዐይኑ ብቻ ይመድባል፤ በዚህ ማንም ተከራክሮት አያውቅም። ከዚህ የተነሣ በቢላ ጉዳይ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው እሱ እንደሆነ ያምናል፣ ሰዉም ያምንለታል። ዓሣ በሕይወቱ በልቶ አያውቅም። ይህን ራሱ ነው የነገረን፣ እንደሚያስመሰግን ነገር።

አያ ደምሌ እንዳለው፣ ጥሩ ቢላ በእጅ ሲነሣ በገዛ ክብደቱ መውረድ አለበት፤ አጥንት ላይ ሲያርፍም መመለስ የለበትም። ዓርብ ዕለት ከአንጥረኛ ዘንድ አንድ አሠርቶ መጣ። ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ነው። ጀርባው የአውራ ጣቴን ያህል ይወፍራል። እናቴ በሁለት እጇ ተቀበለችውና መደርደሪያው ላይ አኖረችው። ሥጋ እንዳልነካ ግን ማንም የሚጠራጠር አልነበረም፤ የአንጥረኛው እሳት ጥቀርሻ እንኳ ገና አልለቀቀውም።

ቅዳሜ የወረታ መኪና ዓሣ አመጣ። አያ ደምሌ እጅጌውን ሰብስቦ ራሱ ሊያሰናዳ ተቀመጠ። ዓሣውን ሳንቃው ላይ አጋደመና እንደ በሬ ጎድን መታው። ሳንቃው ዘለለ። ደግሞ መታው። ቅርፊቱ ፊቴ ላይ ተለጠፈ። በስድስት ምት ዓሣው ስድስት ቦታ ሆነ፤ የጀርባ አጥንቱም እንደተሰበረ ብርጭቆ በየቁራጩ ውስጥ ተበተነ። እናቴ ትሪውን ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስዳ ስባሪውን በጣቷ መልቀም ጀመረች። እኔም አብሬ ለቀምኩ። ከሠላሳ በላይ አወጣንና ተውነው፤ ስንነካው ገና ይወጋ ነበር።

እናቴ፣ ‹‹አያ ደምሌ፣ እኔ እኮ አጥንቱ እንዲወጣ ነው የፈለግሁት፣ እንዲደቅ አይደለም›› አለችው።

‹‹ቢላው ምንም አይወጣለትም›› አለ እጁን እየታጠበ። ‹‹ዓሣው ነው አጥንቱ የማይረባ።››

ዓሣውን ድመት በላችው። እሷም የመረጠችውን ብቻ ነው የበላችው። የኔታ ድንች ቀመሱና ተዉት።

ከዚያ በኋላ በነበሩት አራት ቀናት ቤታችን የቢላ ሸንጎ ሆነ። ለጥየቃ የመጣ ሁሉ ሐሳብ ያዋጣል። አንዷ ጎረቤታችን በምላጭ ይሞከር አሉ። የየኔታ ተማሪ የነበረ አንድ ዲያቆን ዓሣው መጀመሪያ ይቀቀልና አጥንቱ በወንፊት ይለይ አለ፤ እናቴ ይህንን ሞክራዋለች፣ የወጣው ገንፎ ነው፣ የኔታም ሽታው ሲደርሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ሌላው ደግሞ በባሌስትራው ቢላ ላይ ምንም ስሕተት እንደሌለ፣ የእጅ ጉዳይ እንደሆነ አስረዳ፤ አያ ደምሌም ተናደደ፣ እጅ የተባለው የእሱ ነዋ። ማንም ግን ዓሣ ሲሰናዳ አይቶ የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ወሬውን ለየኔታ ሳደርስ፣ ያየሽው ነው ወይስ የሰማሽው ሲሉኝ፣ ሁሉም የሰማሁት ብቻ ሆነብኝ።

ረቡዕ ላይ የኔታ ከአልጋ ሲነሡ እናቴ ክንዳቸውን ያዘች፤ እጇ ዙሪያውን ገጠመ። ኩሽና ገብታ ቆመች፣ ተመልሳ ወጣችና ነገ ሐሙሲት እንሄዳለን አለችኝ። ሐሙሲት ለጣና ቅርብ ነው፤ በገበያ ቀን ዓሣ ሻጮች ይቀመጡበታል። ዓሣ የሚሸጥ ሰው ዓሣ በምን እንደሚቆረጥ ያውቃል ማለት ነው። በዚያ ሳምንት ውስጥ ከአንድ ሰው አፍ የሰማሁት የመጀመሪያ አስተዋይ ሐሳብ ይህ ነበር። አያ ደምሌ አልተጠራም። ሆኖም ሐሙስ ጠዋት መናኸሪያ ስንደርስ ቀድሞን ተሳፍሮ አገኘነው፤ ሴቶች ቢላ ሲገዙ ይታለላሉ አለን።

ሐሙሲት ከእኛ ይሞቃል። አውቶቡሱ ሲቆም አቧራ፣ የነዳጅ ጭስ፣ በርበሬና እርጥብ ማዳበሪያ አንድ ላይ ሸተቱኝ። ቢላ ሻጮቹ ላስቲክ አንጥፈው ደርድረዋል። አያ ደምሌ ቁጢጥ አለና እያንዳንዱን እያነሣ በጥፍሩ ይመታዋል፣ ወደ ጆሮው አስጠግቶ ድምፁን ያዳምጣል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ያስቀምጣል። ደግሞ ቀጣዩን። ሻጩ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ዝም አለ፣ በመጨረሻ ሊገዛ ነው ወይስ ሊያዜም ነው የመጣው ብሎ እናቴን ጠየቃት። እናቴ እጄን ያዘችና ወደ ዓሣ ተራ ሄድን።

እዚያ ወይዘሮ ብርቄ የምትባል ሴት አገኘን። ወፍራም፣ ክንዷ እስከ ክርን በቅርፊት የሚያብረቀርቅ፣ ከሰው ጋር ስታወራ ቀና የማትል። አንድ ቀረሶ የሚባል ዓሣ ከፊቷ አጋድማ ነበር። ከጉንጩ በስተኋላ ቢላውን አሳርፋ፣ አስተኝታ፣ ወደ ጭራው ሳበችው። ሻሽ ሲቀደድ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። የዓሣው አንድ ጎን ሙሉውን ተነሣ። ገለበጠችው፣ ሌላውን ጎን እንዲሁ አነሣችው። ራሱና ጭራው ያልተለየ የዓሣ አጥንት እንደ ማበጠሪያ ሳንቃው ላይ ቀረ። እናቴን ቀና ብዬ አየኋት። አፏን በነጠላዋ ይዛለች።

ቢላዋ ጠባብ ነው፤ ከስንዝር ትንሽ ይረዝማል። እጀታው ላይ በውኃ እንዳያዳልጥ ገመድ ተጠምጥሟል። ከኋላችን የደረሰው አያ ደምሌ ጎንበስ ብሎ አየውና ለመንካት እጁን ሰደደ። ወይዘሮ ብርቄ አልሰጠችውም። ጫፉን ሳንቃው ላይ ተክላ ተጫነችው፤ ቢላው እንደ ቀስት ጎበጠ። ስትለቀው ቀና አለ።

‹‹ይኼ ቢላ ይታጠፋል›› አለ አያ ደምሌ።

‹‹ይታጠፋል።››

‹‹የሚታጠፍ ቢላ ምን ይሠራል?››

ወይዘሮ ብርቄ ሁለተኛውን ዓሣ አነሣች። ‹‹አንተ በሬ ስትበልት አልጠራኸኝም። እኔም ዓሣ ስገፍ አልጠራሁህም።››

ዓሣ ተራው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ለእናቴ እንዲህ ስትል አስረዳቻት። የዓሣ ቢላ አጥንት አይቆርጥም፣ አጥንቱን እየዳበሰ ያልፋል እንጂ፤ አጥንቱ ሲጎብጥ አብሮ መጉበጥ አለበት። ጎብጦ ካልተመለሰ ቆርቆሮ ነው። ጭራሽ ካልጎበጠ ደግሞ ለወንድምሽ ስጪው፣ እንጨት ይፈልጥበታል። እናቴ እንዲህ ያለ ቢላ ከየት እንደሚገኝ ጠየቀቻት። ገበያው ውስጥ የለም አለቻት፣ የእሷም በመሳል ብዛት ነው እንዲህ የሳሳው። እንደዚሁ የሳሳ፣ ገመድ የተጠመጠመበት ሌላ ግን በዘንቢሏ አለ፤ እሱንም አትሸጠውም።

እናቴ ጉልበቷን አጥፋ ከአጠገቧ ተቀመጠች። የነገረቻትን ሁሉ አልሰማሁም፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር። የሐኪሙን ቃል ስትነግራት ግን ሰምቻለሁ። ወይዘሮ ብርቄ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። መሪጌታ ናቸው ወይ አለች። ናቸው። ቢላው ሥጋ ነክቶ ያውቃል ወይ አለቻት እናቴ። ‹‹ከዓሣ በቀር ምንም አላየ። በማርያም።›› ከዘንቢሏ አውጥታ በጨርቅ ጠቀለለችው። ዋጋውን ተቀበለችና እናቴን በእጅጌዋ ያዘቻት። ‹‹ወለተ ሐና ብለው በጸሎት ያስቡኝ በያቸው። ቢላውን ደግሞ ለዚህ ወንድምሽ አታሳዪው።››

አያ ደምሌ እስከ ወረታ ድረስ አልተናገረም። ወረታ ላይ እስቲ ልየው አለ። እናቴ ጥቅሉን ከሥሯ አድርጋ ተቀመጠችበት።

የሁለተኛውን ቅዳሜ ነገር ያየሁት ነው። በጾም ቅዳሜ የኔታ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጠበቅ አይኖርባቸውም፤ ስለዚህ እናቴ ቅዳሴ ሄዳ ስትመለስ ልታሰናዳላቸው ሁለት ዓሣ ገዝታ በእርጥብ ጨርቅ ሸፍና ወጣች። አያ ደምሌ መጣ። የኔታን ጤና ይስጥልኝ አላቸው፣ ኩሽና ገባ፣ ቢላው የተጠቀለለበትን ጨርቅ ፈታ። ስለቱን በጥፍሩ ሞከረና ከንፈሩን ጣለ። ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ይስለው ጀመር።

ደጃፋችን ላይ አንድ መሳያ ድንጋይ አለ። ለፋሲካ፣ ለመስቀል፣ ለገና፣ ቅርጫ በታረደ ቁጥር የሰፈሩ የሥጋ ቢላ ሁሉ የሚሳለው እሱ ላይ ነው። መሐሉ በስብ ጠቁሮ ያብለጨልጫል። አያ ደምሌ ቢላውን እዚያ ላይ እያመላለሰ ያፏጫል። አያ ደምሌ፣ ድንጋዩ እኮ የሥጋ ነው አልኩት። ከሥራው ቀና ሳይል፣ ‹‹ድንጋይም ይጾማል እንዴ?›› አለኝ። ከዚያ በውኃ አለቀለቀው፣ ጠቀለለው፣ በቦታው መለሰው።

እናቴ መጣች። ምንም አልነገርኳትም። ለምን እንዳልነገርኳት ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ ሐኪሙ ያለውን ስለሰማሁ ይመስለኛል። የመጀመሪያውን ዓሣ ሳንቃው ላይ አጋድማ፣ ወይዘሮ ብርቄ እንዳደረገችው ከጉንጩ ኋላ ጀመረች። እጇ ገና አልለመደም፤ ቢላው ግን መንገዱን ያውቃል። ጎኑ ተነሣ። በጣቷ ዳበሰችው፣ እኔንም አስዳበሰችኝ። አንዲት አጥንት የለበትም። በኑግ ዘይት፣ በነጭ ሽንኩርትና በእርድ ጠበሰችው። ቤቱን የሞላው ሽታ ከማዳበሪያው ሽታ ጋር አይገናኝም ነበር። ምራቄን ዋጥኩ።

ሰሃኑ የኔታ ፊት ቀረበ። በጣታቸው ነካ ነካ አድርገው ፈለጉ፤ አጥንት የለም። ጸሎት አድርሰው እጃቸውን ሰደዱና ቆም አሉ። ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

‹‹ልጄ፣ ሐሙሲት አብረሽ ሄደሻል። ይህ ቢላ ሥጋ ነክቷል?››

ሥጋ አልነካም። እንዲህ ብል ውሸት አይሆንም። አያ ደምሌ መቃኑን ተደግፎ ያየኛል። እናቴ ፈገግ ብላ መልሴን ትጠብቃለች።

‹‹ቢላው ሥጋ አልነካም፣ የኔታ›› አልኩ። ‹‹አያ ደምሌ ግን ዛሬ ጠዋት የሥጋ ቢላ በሚሳልበት ድንጋይ ስሎታል። አይቻለሁ።››

የኔታ እጃቸውን ሰበሰቡ። አያ ደምሌ ታጥቧል፣ በውኃ ታጥቧል ይል ጀመር። እናቴ ባለችበት መሬት ላይ ተቀመጠች። አባቷን ቀና ብላ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም ነበር፤ ያን ቀን ሰማኋት።

‹‹አንቱ ቢሞቱብኝ፣ ቢላው ንጹሕ ነበር ብዬ ነው የምጽናናው?››

ደጅ ልጆች ሱዚ እየዘለሉ ነበር። የኔታ ሰሃኑን ቀስ አድርገው ከፊታቸው ገፉና፣ ‹‹ሁለት ዓሣ ገዝቻለሁ ብለሽኝ ነበር›› አሏት። ‹‹አንዱ አለ። እሳትም አለ።›› ከዚያ ከመጽሐፍ ጠቅሰው ብረት በእሳት ካለፈ እንደሚነጻ ለአያ ደምሌ አስረዱት። የተጠበሰውን ግን ለእኔና ለእናቴ ሰጡን። እናቴ አልቀመሰችውም። እኔ በላሁ። ጣፋጭ ነበር፤ በየጉርሻው አፈርኩ።

አያ ደምሌ ጥፋቱን ሊክስ ስለፈለገ እሳቱን ራሱ አነደደ። በፍሙ ላይ ለቅጽበት ቢያሳልፈው ይበቃ ነበር። እሱ ግን የሚሠራውን ሁሉ አብዝቶ ነው የሚሠራው። ስለቱ እንደ በርበሬ እስኪቀላ ተወው። የእጀታው ገመድ ተቃጠለ፣ እንጨቱ ጨሰ። አውጥቶ ሲያቀዘቅዘው ብረቱ ሰማያዊ ሆነ። እናቴ ተቀብላ ጫፉን ሳንቃው ላይ ተጫነችው። ጎበጠ። ለቀቀችው። እንደጎበጠ ቀረ።

ከደብረ ታቦር ሐሙሲት ድረስ ሄደን ያመጣነው፣ የአንዲት ሴት የክርስትና ስም አደራ ያለበት ቢላ በአንድ ጠዋት እንደ ሽቦ ሆነ። እናቴ አልጮኸችም። ጉልበቷ ላይ አድርጋ አቀናችው። ከአጥሩ ሥር ማንም ነክቶት የማያውቅ ድንጋይ እንዳመጣላት ላከችኝ፤ በእሱ ሳለችው። ሁለተኛውን ዓሣ ጀመረች። ሁለት ጊዜ ስትስበው ቢላው ይጎብጣል፤ ጉልበቷ ላይ ታቀናዋለች፣ ድንጋዩ ላይ ትስለዋለች፣ ደግሞ ትስበዋለች። ያቺን አንዲት ዓሣ ለማሰናዳት ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀባት። አያ ደምሌ ሊረዳት ጠጋ ሲል በክርኗ መለሰችው።

የኔታ ከመብላታቸው በፊት ሴትዮዋን ማን ልበላት ብለው ጠየቁኝ። ወለተ ሐና አልኳቸው። ስሟን አንሥተው ጸለዩና በሉ። ሰሃኑ ባዶ ሆነ። ውኃ አምጪልኝ አሉኝ። ስለተናገርኩት ነገር አላመሰገኑኝም፣ አልተቆጡኝም። አያ ደምሌ እስከ ፋሲካ ድረስ አላናገረኝም። የቀሩትን የጾም ሳምንታት እናቴ በሳምንት ሁለት ጊዜ ያንን የማይረባ ቢላ ጉልበቷ ላይ እያቀናች ዓሣ ገፈፈች።

ባለፈው ወር ለእናቴ የዓሣ ቢላ ልገዛ ደብረ ታቦር አንድ ሱቅ ገባሁ። አሁን አስፋልት አለ፣ ዓሣ በየቀኑ ይገባል፤ ምግብ ቤቶቹም ፊሌቶ ብለው በበረዶ የመጣውን፣ አጥንቱ የት እንደቀረ የማይታወቀውን ይጠብሳሉ። ቢላዎቹ ባለቀለም እጀታ ናቸው፤ ስድስት ስድስት ሆነው በአንድ ካርቶን ታሽገዋል። አንዱን አውጥቼ ጫፉን ባንኮኒው ላይ ስጫነው ሻጩ ልጅ ደነገጠና ከታጠፈ እንደምከፍል ነገረኝ። መታጠፉን እኮ ነው የምፈልገው አልኩት። ዋስትና እንዳለው፣ ምንም ቢሆን እንደማይታጠፍ አረጋገጠልኝ። ሌላ ሱቅ ሄድኩ። እዚያም ያው። በአራተኛው ሱቅ ሻጩ በስልኩ ፊልም ከፍቶ ቢላው ጫማ ሲቆርጥ አሳየኝ። ባዶ እጄን ወጣሁ። ያኔ አንድ ከተማ ሙሉ ሰው ሳያውቅ ይከራከር ነበር፤ ቢላው ምን እንደነካ ግን ይጠይቅ ነበር። አሁን የሚጠይቅ አላገኘሁም፤ እኔም እስክጽፈው ድረስ ጠይቄ አላውቅም።

ይህን ከመጻፌ በፊት ለአያ ደምሌና ለእናቴ ደወልኩ። አያ ደምሌ አሁን ሸምግሏል፣ ጆሮውም ከብዷል። ድንጋዩን ቀድሞ በአመድ እንዳጠበው ይናገራል፤ አላጠበውም። የባሌስትራው ቢላ ዛሬም እንዳለና እንጨት እንደሚፈልጥበት ነገረኝ፣ በኩራት። እናቴ ደግሞ ቢላው ያን ያህል አልጎበጠም ትላለች፤ እኔ ጉልበቷ ላይ የቀረውን ምልክት አስታውሳለሁ። በዓሣው ቁጥርም አንስማማም። ሦስታችንም የምንስማማበት አንድ ነገር አለ፤ ሦስታችንም አይተነዋል። በሆሳዕና ዕለት ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ የኔታ ነጭ ለብሰው ከቤት ወጡ። በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን ሄዱ። ዘንባባ ይዘው በእግራቸው ተመለሱ።